ከነድንጋይ መቀመጫው

«ታሪካዊ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ባለጸጎች በሚኖሩበት፣ በተከበረና ጸጥ ባለ ሰፈር። ጦርነቱ ያልነካው። የጓሮው ዛፍ ጥሩ ጥላ ያለው ሲሆን ከሥሩ ለማረፊያ የሚያገለግል የድንጋይ መቀመጫ አለ።»

ጽጌዬ፣

ከላይ ያለውን እኔ አልጻፍኩትም። እዚሁ ሶማሌ አገር፣ ዋሄን ገበያ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ በተደረደሩበት መንገድ፣ ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መለስኩት። ቤቱ እኛ የኖርንበት ቤት ነው። የድንጋይ መቀመጫ የተባልሽው አንቺ ነሽ።

ከተለያየን ሁለት ዓመት አለፈ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም፤ ሳላለቅስ የምጽፍበትን ቀን እየጠበቅሁ ነበር። ዛሬ አላለቅስም። መጸየፍ እንባ ያደርቃል ለካ።

ቤቱ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። አንቺ በሄድሽ ሰሞን መስኮቶቹ ከነማዕቀፋቸው ተነቅለው ተወሰዱ፤ የደረጃው እንጨት ማገዶ ሆነ። በእንግሊዞቹ ዘመን አንድ ነጋዴ ከየመን አስመጣው የሚባለውን በር ግን ክብደቱ አዳነው። አሁን ቤቱ ኖራ ተቀብቷል። የጥይት ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ ተደፍነዋል፤ ደፋኙ ሰነፍ ስለነበረ ግን እያንዳንዳቸው ከመንገድ ይታያሉ። ጦርነቱ ያልነካው ይላሉ። ፎቁ ላይ ወደ ባዶ አየር የሚከፈት በር አለ፤ በረንዳው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ገዢ እስካሁን አልሰማሁም።

በረንዳውን ትወጂው ነበር። ጠዋት ጠዋት ልብስ ስታሰጪ ውኃው ምድር ቤት በሚኖሩት በኤዶ ኸድጃ ላይ ይንጠባጠባል። የቤቱ ባለቤት የሆነው የፋራህ አክስት ናቸው፤ አንቺም እንደ ሰፈሩ ሰው ኤዶ፣ አክስቴ፣ ነበር የምትያቸው። ድሬዳዋ በስደት በተማሩት አማርኛ፣ «አንቺ ሐበሻ፣ ዝናብ ከአላህ ነው ወይስ ከአንቺ?» ይሉሻል። አንቺም፣ «ለዛሬው ከእኔ ይቀበሉ፣ ኤዶ» ትያለሽ። ይህን እየሰማሁ ከፎቅ ስወርድ ሥራ የምገባው ፊቴ ፈክቶ ነበር።

ከአየር ማረፊያው በኩል የተተኮሰው ከባድ መሣሪያ በረንዳውን ሲመታም ከገመድ ላይ ልብስ እያወረድሽ ነበር። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር የትም ልንወስድሽ አልቻልንም። ኤዶ አጥበው ገነዙሽ፤ ጎረቤቶች ከዛፉ ሥር ቆፈሩ። እንደ ልማዳቸው ራስሽን ወደ ምሥራቅ ሊያደርጉ ሲሉ አስቆምኳቸው። የእኛ ሰው ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የሚያርፈው በትንሣኤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው አልኳቸው። ተኩሱ ሳይበርድ፣ አንድም ሰው ሳያጉረመርም፣ አዙረው አስተኙሽ። ቄስ ስላልነበረ አቡነ ዘበሰማያት እኔው ደገምኩልሽ። መስቀል እንዳላቆም የመከሩኝ ኤዶ ናቸው። ዘራፊው በዝቷል፣ ምልክት ያየበትን ይቆፍራል፣ ዝም ያለ ድንጋይ ይሻላታል አሉ። ከፈረሰው በረንዳ ሰፊውን ድንጋይ መርጠን አለበስንሽ።

ባለፈው ሐሙስ ቤቱ ለገዢዎች ይታያል ሲባል ሄድኩ። አንዲት ነጋዴ ሴት የሻይ ብርጭቆ ይዘው አንቺ ላይ ተቀምጠዋል። ደላላው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ አረፍ በል፣ ለሁለት ይበቃል» አለኝ። ለሴትዮዋ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ከድንጋዩ ሥር ያለችው ሚስቴ ናት አልኳቸው። አስተግፊሩላህ ብለው ሲነሡ ሻያቸው ተደፋ። የተቀመጡበትን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው፣ ቤቱን ዞር ብለው ሳያዩ ወጡ። ደላላው ገዢ አባረርክብኝ ብሎ ተቆጣ። እኔ በዚያ ግቢ ከእሳቸው በቀር ሰው አላየሁም።

ስለ ማስታወቂያው ሄጄ ስጠይቀው ፋራህም አላፈረም። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ አያንስም፤ ስለዚህ ያለውን አልተሳሳትኩም። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ? ከነመቃብሩ ልበል? እንዲያ ብል የሚገዛኝ ጅብ ነው» አለኝ። ኤዶ ኸድጃ ከበራቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። «አባትህ የሰው አገር አፈር ለብሷል» አሉት። «ድሬዳዋ ላይ ማን ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣል?» ፋራህ መሬት መሬት አየ። ያፈረ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲል ግን የሚገዛው ሰው እዚያ ቦታ ላይ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ይፈልግ ይሆናል አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የውኃ መሐንዲስ ነህ፣ ይህን ከማንም በላይ ትረዳለህ» ብሎ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስካሁን ከዓይኔ ላወጣው አልቻልኩም።

አሁን የጅጅጋው መንገድ ተከፍቷል። እዚያ ያሉ ቄስ ዐፅምሽን አምጣ፣ ፈትተን በቤተ ክርስቲያን አጸድ እናሳርፋታለን ብለውኛል። እኔ የምፈልገው ቤቱ ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን ጓሮው እንዲከፈትልኝ ብቻ ነው። ዘበኛው ያለ ፋራህ ቃል አላስገባም ይላል። ገዢው ቀድሞ ከገባ የሚቆፍርሽ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ማን እንደሆንሽ ሳያውቅ በአካፋ ይዝቅሻል።

ይህ አይሆንም። የትም ብሆን ስምሽ ሳይጠራ የሚያልፍ ቅዳሴ አይኖርም፤ ሙት ዓመትሽንም ሰው ቢረሳው እኔ አልረሳውም። ግን ማስታወስ ብቻውን አንቺን ከአካፋ አያድንሽም። ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤት ልማዴ አደርጋለሁ። ለገበያ በምጽፍልሽ ወረቀት ላይ እንኳ «ቁጥር አልሰጠኸውም፣ ግልባጭ ለማን ነው?» እያልሽ የምትስቂበትን ልማድ። ግልባጩ ዛሬ በእጁ ይደርሰዋል።

ግልባጭ፦ ለቤቱ ባለቤት ለፋራህ

ከቄሱ ጋር ገብቼ የባለቤቴን ዐፅም እንዳወጣ መፍቀድህን፣ እሷ ከግቢህ ሳትወጣም ቤቱን ለማንም እንደማታስረክብ አረጋግጥልኝ። በአፍ የምትለኝን አልቀበልም። መልስህን በጽሑፍ፣ ከነፊርማህ፣ እስከ ኅዳር አሥራ አንድ ቀን እጠብቃለሁ።