ክራቫት ያላሰረ አይገባም

ሰኞ፣ አዋሽ

ክራቫት! በአዋሽ ሙቀት፣ ለትንንሽ ልጆች፣ ክራቫት!

ዛሬ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ጌታሁን ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆመ። ጌታሁን ዳይሬክተራችን ነው። ባሌም ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ዛሬ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ አዲሱን ዩኒፎርም ያልለበሰ ተማሪ ግቢ አይገባም» አለ። ምክትሉ ራሱን ነቀነቀ። መምህራኑም ነቀነቁ። እኛ ሰዎች ስንነቀንቅ ተወዳዳሪ የለንም።

አዲሱ ዩኒፎርም ማለት ወፍራም ሰማያዊ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ ክራቫት። ጌታሁን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ የአንድ ሀብታም ትምህርት ቤት በር ላይ ያየው ነው። እዚያ ብርድ አለ። እዚህ ጠመኔው በላቤ ርሶ ነው ሰሌዳ ላይ የሚደርሰው። የድሮው ስስ ካኪ ሸሚዝ ምን አጠፋ? ከታላቅ ለታናሽ ይወርዳል፣ ከጎረቤት ይለመናል፣ ገበያ ላይ ይገኛል። አዲሱን የሚሰፋው ግን አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። እሱም የጌታሁን ጓደኛ። ለምን አንድ ብቻ ብዬ ብጠይቀው «ለወጥነት ነው» አለኝ። ወጥነት! ጥሩ ቃል አግኝቷል።

ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ የመለሳቸው ልጆች አጥሩ ሥር ጥላ ይዘው ቆሙ። ዘበኛችን ሁመድ አፋር ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። ዛሬ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ቲቸር፣ እኔ ፍየል ስመልስ ነው ያደግኩት» አለኝ። «ፍየልንም ቢሆን ወደ ሣሩ ነው የምመልሰው።»

ምሳ ላይ ጌታሁን እየፈነደቀ ገባ። ሰመራ ላይ የትምህርት መሪዎች መድረክ አለ፤ ንግግር አቅራቢው እሱ። ርእሱ «እውነተኛ አመራር በትምህርት ቤት»።

«አማርኛሽ ከእኔ ይሻላል፤ ጽሑፉን አስተካክዪልኝ» አለኝ።

ሳቅሁ።

«ምን ያስቃል?»

«ምንም።»

አስተካከልኩለት ደግሞ። አንድ ገጽ ላይ «ቅን» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ስላስቸገረኝ ግማሹን ሰረዝኩት።

ማክሰኞ

ክፍሌ ግማሽ ሆኗል። ስድስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። የመጡት ኮታቸውን ተጭነው ያልባሉ። አንዱ ክራቫቱን ሲያኝክ ዋለ። ዝም አልኩት።

ትምህርት ነፃ ነው ይባላል። ነፃ! ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ቦርሳ። የጥበቃ መዋጮ፣ የወረቀት መዋጮ፣ የዴስክ ማስጠገኛ። ጉርድ ፎቶ። የወላጆች ቀን ሲመጣ የለስላሳ። አሁን ደግሞ ኮት። ነፃ የሆነው የእኔ ጩኸት ብቻ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ዘሃራ መጣች። ከወሎ የመጣች ሴት ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ሳምቡሳና ሻይ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ትልቋ ሃያት የእኔ ተማሪ ናት፤ ለሁሉ ነገር «ለምን?» የምትል፣ አንዳንዴ የምታሰለቸኝ ልጅ። ትንሿ ኢክራም ሦስተኛ ክፍል ናት።

«አንዷን አለብሳለሁ፤ ሁለቱን ግን አልችልም፣ መምህርት» አለች። «ኢክራም ገና ናት፣ እሷ ትማር። ሃያት ማንበቡንም ቁጥሩንም ችላለች፤ ሚሌ አክስቷ ምግብ ቤት አላት፣ ወደዚያ እልካታለሁ።»

«ትንሽ ታገሺ ዘሃራ።»

«እስከ መቼ? ልጂቱ አጥር ሥር ቁጭ ብላ የመኪና ሹፌር ሁሉ እያያት? እንዲያው ምን ይሉኛል አንቱ?»

እኔ ልግዛላት አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። «ለእኔ ልጅ ይገዛሉ፤ ለጎረቤቴ ልጅስ? ሠፈሩ ምን ይለኛል? አላህ ይስጥልኝ፣ ይቅር።»

ማታ ለጌታሁን ነገርኩት።

«ለአንዱ ከፈቀድኩ ሁሉም ይመጣል» አለ።

«ሁሉም እንዲመጣ አይደለም እንዴ ትምህርት ቤት የተከፈተው?»

«አንቺ በስሜት ነው የምታስቢው።»

ከዚያ ተነሥቶ መስተዋት ፊት ቆመና ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። «መሪ ማለት በተመሪዎቹ ልብ ውስጥ የሚኖር ነው።» በማን ልብ ውስጥ እንደሚኖር እያሰብኩ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ረቡዕ፣ ሰመራ

የግብዣ ደብዳቤው «አንዲት ሴት መምህር ይዞ ይምጣ» ይላል፤ ስለዚህ ተይዤ መጣሁ። ጎህ ሲቀድ ተሳፈርን። ከገዋኔ ወዲህ መንገዱ የከባድ መኪና ጅራት መከተል ነው። ጌታሁን ወረቀቱን ዘርግቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያጠና ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ በክርኗ ነካ አድርጋኝ «ባለቤትሽ ጸሎተኛ ነው፣ ታድለሽ» አለችኝ። አሜን አልኳት።

ሰመራ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ነው። ሕንፃው ተራርቆ ተራርቆ ቆሟል፤ በመካከሉ ነፋስና አሸዋ። ሆቴል ገብተን ጌታሁን ሱፉን አንጠልጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። እኔ ስለ ሃያት እያሰብኩ ነው። ዘሃራ ትታገስ ይሆን? አይመስለኝም። እኔ ብሆን አልታገስም።

ሐሙስ፣ ሰመራ

መጻፍ ያለብኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያሳፍር።

የሚያስቀው። አዳራሹ በማቀዝቀዣ ቀዝቅዞ ሁሉም በሱፍ በክራቫት ተኮፍሷል። ጌታሁን መድረክ ላይ ወጥቶ «የተማሪው አለባበስ የተቋም ገጽታ ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤት ይህን በቁርጠኝነት አሳክተናል» ሲል መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣውም ዝም አለ። መጀመሪያ ሁሉም ታገሡ። ትንሽ ቆይቶ ከፊት የተቀመጡት ኃላፊ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። ቀጥሎ ያሉት ፈቱት። ከዚያማ ሜዳ እንደተለቀቀ ከብት ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ይፈታል፣ ኮት ያወልቃል፣ በንግግሩ ቅጂ ያራግባል። ጌታሁንም «አለባበስ» እያለ የራሱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። አላስተዋለውም! እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጮክ ብሎ።

የሚያሳፍረው። ሰብሳቢዋ ደርባባ ሴት ናቸው፤ በቁጣ ሳይሆን በወግ ነው የጠየቁኝ። «መምህርት፣ የሚያስቅ ነገር ካለ ለእኛም ያካፍሉን።» አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ጌታሁንም አየኝ። በር ላይ የተመለሱት ልጆች ሁሉ አፌ ላይ ነበሩ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ምንም አይደለም፤ ሙቀቱ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

እስከዛሬ ንቀቴን ሁሉ ለጌታሁን ስሰጥ ነበር። ዛሬ ለራሴም ቆንጥሬ አስቀረሁ።

መብራቱ ሲመጣ አጨበጨቡለት። ተምሳሌት የሚል የምስክር ወረቀት፣ በመስተዋት። አቅፎት ነው የወጣው፤ አራስ ልጅ የታቀፈ ነው የሚመስለው።

ዓርብ፣ በጉዞ ላይ

መኪናው እየናጠኝ ነው የምጽፈው፤ አዋሽ እስክንደርስ አላስችል አለኝ።

ጠዋት ከሰመራ ወጥተን ሚሌ ለቁርስ ወረድን። ጌታሁንና ከስብሰባው የሚመለሱ ሁለት ዳይሬክተሮች አንድ ጠረጴዛ ያዙ፤ እኔም ተጠጋሁ። አንዲት ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳለች። ያም ሆኖ ወዲያው አወቅኋት። ሃያት ናት። እሷም አውቃኛለች፤ አንገቷን ደፋች።

የጌታሁንን እጅ ማስታጠብ ጀመረች። እሱ ደስ ብሎታል፤ የትናንቱ ጭብጨባ አልወጣለትም።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?» አላት።

«አልማርም።»

«አልማርም? በዚህ ዕድሜሽ!» ወደ ሁለቱ ዞረ። «ይኸውላችሁ! ትናንት ያልኩት ይኸ ነው። የወላጅ ግንዛቤ! ልጅን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ ማስታጠቢያ የሚያስይዝ ወላጅ ምን ይባላል?»

ሃያት ውኃውን እያፈሰሰች ቀና አለች። ልማዷ ነው፣ መጠየቅ አትተውም።

«ጋሼ፣ ሰኞ በሩ ላይ የመለሱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሁለቱ ዳይሬክተሮች እጃቸውን ዘርግተው እንደጠበቁ ቀሩ። ውኃው ይፈሳል። ሳህኑ ሞልቶ ጫማው ላይ ወረደ።

«አያውቁኝም?» አለች ልጂቱ። እየተሳደበች አይደለም፤ እውነት ገርሟት ነው።

ጌታሁን እኔን አየኝ። ሆን ብዬ ያሰናዳሁበት መስሎት ይሆናል። ትናንት የዋጥኩት አሁን ወጣ።

«ሃያት ትባላለች» አልኩ፣ ሁለቱም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «የእኔ ተማሪ ናት። ያንተ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ግንዛቤ ጎደላት ያልካት እናቷ ሳምቡሳ ጠብሳ ነው የምታስተምራት። ልጂቱ የጎደላት ክራቫት ነው።»

እሱ እጁን በሱፉ ጠረገ።

ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። አክስቷ እሳት የመታው ፊቷን ጠረገችና «እናቷ ልካት ነው፤ እኔ አልሰረቅኳት!» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ለዘሃራ ስልክ መታሁ። «ዛሬ ይዣት ልምጣ። ሰኞ በሩን ካልከፈቱላት እኔም አብሬያት ውጭ እቀመጣለሁ» አልኳት።

«ወላሂ ይበሉ» አለች።

«እመብርሃንን!» አልኳት።

በስልኩ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «እንግዲያው ትምጣ።»

አሁን ሃያት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስለ መኪናዎቹ ሰሌዳ ቁጥር ትጠይቀኛለች። የጅቡቲው ለምን ይለያል? አላውቅም። ጌታሁን ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀምጧል። ገዋኔ ስንቆም ውኃ ገዝቶ በእኔ ትከሻ ላይ አሳልፎ ለልጂቱ አቀበላት። አላየኝም። እኔም አላመሰገንኩትም።

ቅዳሜ፣ አዋሽ

ልብስ ሰፊው ጠዋት ቤት ድረስ መጣ፤ ወሬው ሳይደርሰው አልቀረም። በር ላይ ተንሾካሾኩ። የሰማሁት «ጨርቁን ሁሉ ቆርጬዋለሁ እኮ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጌታሁን ተናገረ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ያዋረደችህ ልጅ ናት። እኔ ስሟን ነው የነገርኩህ።»

«ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ካልገባች ክፍሌን ይዤ እወጣለሁ። አጥሩ ሥር ጥላ አለ።»

«ሥራሽን ታጪያለሽ።»

«ማን ነው የሚያባርረኝ?»

ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። በድፍረት ተናገርኩ እንጂ ፈርቻለሁ። ደመወዜ ለእናቴም ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ማን ይቀበለኛል? ባሏን ሰው ፊት ያዋረደች መምህርት ብለው ነው የሚያውቁኝ።

እሑድ

ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ጌታሁን አቀርቅሮ ይጽፋል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለእኔ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። የራሱ የዝውውር ማመልከቻም ሊሆን ይችላል፤ ጀግና ነውና። አማርኛውን አስተካክዪልኝ ግን አላለኝም።

ሰኞ

ሆነ። እንዴት እንደሆነ ግን ልጻፈው።

ባንዲራ ተሰቀለ። ጌታሁን ድምፅ ማጉያውን ይዞ «የአካባቢያችንን የአየር ጠባይና የወላጆችን አቅም በጥልቀት ከገመገምን በኋላ» ብሎ ጀመረ። ማን እንደገመገመው እግዚአብሔር ይወቅ። የድሮው ዩኒፎርም እንደሚሠራ፣ አዲሱ በፍላጎት ብቻ እንደሆነ ተናግሮ፣ «መሪ ማለት ሕዝቡን የሚሰማ ነው» ብሎ ጨረሰ። ባለፈው ሰኞ የነቀነቁት ራሶች ዛሬም ነቀነቁ። ምክትሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ከወላጆች አንዷ «እንዲህ ያለ ዳይሬክተር ይስጠን» ብላ እልል አለች። ስለ ሚሌ የተነገረ የለም።

እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ሁመድ ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ወለል አድርጎ ከፍቶት ነበር።

ሃያት ገባች። ከኢክራም ጎን ነው የመጣችው፤ ኢክራም አዲሱን ኮት እስከ ላይ ቆልፋለች፤ ላብ በላብ ሆና አላወልቅም ትላለች። ዘሃራ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። «ልብስ ሰፊው ብሩን አልመልስም አለ» አለችኝ። «ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መምህርት፣ ባለፈው ሰኞ ይህን ቢሉ ምን ነበረበት?» ሃያትን ተከትዬ ገባሁ።

ክፍሌ ግን አልሞላም። አራት ልጆች አልተመለሱም። አንዱ አባቱን ተከትሎ ወደ ጭፍራ ሄዷል ይላሉ። የሌሎቹን የሚያውቅ የለም። በር መክፈት ቀላል ነው፤ በሩ ሲዘጋ የሄደውን ማን ሄዶ ይጠራዋል?

ምሳ ላይ ጌታሁን «ንግግሬ እንዴት ነበር?» አለኝ። እንዲህ ነው እሱ።

«አማርኛው ደህና ነው።»

እንጀራ ቆረሰ። ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ሃያት ገባች?» አለኝ። የተማሪ ስም ሲጠራ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ በሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ውስጥ ቁጥራቸውን ነው የሚያውቀው።

«ገብታለች። ያልገቡት አሉ።» የአራቱንም ስም ነገርኩት።

«ሁመድን እልክባቸዋለሁ።»

«የመለሳቸው ሁመድ ነው እንዴ?»

ምሳውን ጨረሰ። ትንሽ ቆይቶ ኮፍያውን አድርጎ በዚያ ፀሐይ ወጣ። ወደ ቀኝ ከሄደ የልብስ ሰፊው ሱቅ ነው፤ ወደ ግራ ከሄደ የልጆቹ ሠፈር። መስኮቱ ጋ ሄጄ ማየት እችል ነበር። አልሄድኩም። ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው።