ጥግን ለሻሩት አርክቴክት

ይድረስ ለክቡርነትዎ፣ የክብ ሕንፃዎች ሁሉ አባት ለሆኑት ታላቅ አርክቴክት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሕንፃዎችዎ ሳይሆን እንደ ድሮ ግንብ ይጽናልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ የሆነ፣ ጺሜን ራሴ የምላጭ፣ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ የማስር፣ ዘምቢሌን ለማንም ሳልሰጥ አራተኛ ፎቅ የምወጣ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ብዬ ስለሆነ ጽሑፌ የመንገድ ምልክት ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ፤ «ቁም» የሚለውን ግን አሳምሬ እጽፋለሁ።

ለመጻፍ የተነሣሁት ከጽሕፈት ቤትዎ ስለ ደረሰኝ ማሳሰቢያ ነው። ስለ ሥራ ዘመንዎ ለሚታተመው ትልቅ መጽሐፍ ፎቶ አንሺ እንደሚመጣ፣ እኔም እርስዎ በነደፉት ሕንፃ፣ በክቡ ክፍሌ ውስጥ ያቆምኳት ጥግ «የቦታውን ፍሰት» ስለምታውክ በአስቸኳይ እንዳፈርሳት በትሕትና ተገልጾልኛል። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። ስለ ፍሰቱ ግን፣ በዚህ ሕንፃ ከጣሪያው ውሃ በቀር የሚፈስ ነገር እስካሁን አላየሁም።

መቼም ትልቅ ሰው በሥራው ይመሰገናልና በቅድሚያ የሥራ ዘመንዎን ላወድስ። በወጣትነትዎ የሠሩትን ፖስታ ቤት አውቀዋለሁ። አራት ማዕዘን ነበር፤ ሰው ገብቶ ደብዳቤውን ልኮ ይወጣ ነበር፤ ማንም አላደነቀዎትም። ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ግን በጋዜጣ «ማዕዘን የፍርሃት ልጅ ነው» ብለው ተናገሩ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከእጅዎ አልወጣም፣ የራስዎን መኖሪያ ሳይቀር እንደ ድስት ክብ አደረጉት፣ ሽልማቱም ያኔ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ፍርሃትን የማውቀው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለኝ ነው፤ ልጅ መውለዱን አልሰማሁም ነበር።

አሁን ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የነደፉት ሐኪም ቤት የወረፋ መቀመጫው ክብ በመሆኑ፣ የሰልፉ ራስና ጭራ ተገናኝቶ ሁላችንም አንደኛ፣ ሁላችንም መጨረሻ ሆነን ውለናል። እኩልነትን ብዙዎች ሰብከውልናል፤ በወገብ ሕመም ያቀመሱን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለተኛ፦ የልጅ ልጄ በምትማርበት ክብ መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጅቷ ብታጠፋ አስተማሪዋ «ጥግ ሄደሽ ቁሚ» አለቻት። ልጅቷ ታዛዥ ናትና ጥግ ፍለጋ ግድግዳውን ይዛ ስትዞር አርፍዳ፣ ቅጣቱ ስፖርት ሆኖላት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሦስተኛ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ኩርባ ነድቻለሁ። በስተርጅና ኩርባውን ውጭ ትቼ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ እርስዎ አልጋዬ ድረስ አመጡልኝ። ቁም ሳጥናችን ከግድግዳው አልገጥም ስላለ፣ ከኋላው በቀረው ክፍተት ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ የውስጥ ሱሪና የጎረቤት ድመት ጠፍተውብናል። እስካሁን የተመለሰችው ድመቷ ብቻ ናት።

አራተኛ፦ ይህኛውን ልጄ አንብባ «አባዬ፣ ይሄስ ያሳስርሃል» ብላ ስለ ሰረዘችው፣ በአካል ስንገናኝ በቃል እነግርዎታለሁ።

አምስተኛ፦ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ ስታኮርፍ ፊቷን ወደ ጥግ የምታዞር ሴት ነበረች። እዚህ ቤት በገባን በሳምንቱ ተጣላን። ተነሥታ ዙሪያውን ስትመለከት ቆየችና መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «እንግዲህ የት ሄጄ ላኩርፍህ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ይህን አንድ ውለታዎን አልክድም። በኋላ ግን ታመመች። ቁጭ ስናደርጋት ከጎኗ የሚይዛት ስለሌለ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች፣ ትራሱ ይሸሻል፣ ትወድቃለች። ሰው ጥግ የሚወደው በሁለት በኩል ስለምትይዘው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ አስመጥቼ በገዛ እጄ ጥግ ሠራሁላት። ግንበኛ አይደለሁምና ጥጌ ወደ ግራ ታዘማለች፤ ልጄም «አባዬ፣ ጥግህ ሰክራለች» ብላ ስቃብኛለች። ይህች ሰካራም ባለቤቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ደግፋ ይዛታለች። ራሷን ያሳረፈችበት ቦታ ላይ የፀጉሯ ቅባት ወዝ ዛሬም አለ። አፍርስ ያሉኝ እሱን ነው።

ደግሞም በአገራችን አነጋገር ወገን የሌለው ሰው ጥግ የለውም ይባላል። ባሕር ማዶ ይህን ቃል ያስተማሩዎት አይመስለኝም።

ባለፈው ወር እንግዶችዎን አስከትለው ክፍሌን ሊያስጎበኙ በመጡ ጊዜ፣ ጥጌን አይተው ፊትዎን ሲያጨማድዱ ታዝቤያለሁ። ጥቂት ቆይቶ ስልክዎ ጠራ። የደወለውን አይተው ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ፤ ያን ሁሉ ፈሳሽ ቦታ ትተውም ሄደው የት ቆሙ? መነጽርዎን አውልቀው የባለቤቴ መድኃኒት ይቀመጥባት የነበረችው የጥጌ መደርደሪያ ላይ አኖሩ፣ ግንባርዎን እዚያ ወዝ ላይ አስደገፉና «አይዞሽ እማዬ፣ እመጣለሁ» አሉ። የቀረውን አልሰማሁም፤ ብሰማም የጥግ ወሬ ጥግ ይቀራል። እንግዶችዎን «ሻይ ላጠጣችሁ» ብዬ ይዣቸው የወጣሁት ለዚህ ነበር እንጂ፣ በቤቴ የሻይ ቅጠል እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጥጌን አላፈርስም። ፎቶ አንሺው ሲመጣ እሷ እንደ ቆመች፣ እኔ ሥሯ እንደ ተቀመጥኩ ያንሣን። ከፎቶው ግርጌም «ያልተፈቀደ ጭማሪ» ብለው ቢጽፉበት አልቀየምም፤ ሁለታችንንም ይገልጻል።

ክብ ሳይሆን ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ እጅ የምነሣ፣

አክባሪዎ፣ የአራተኛ ፎቁ ባለ ጥግ

ማስታወሻ፦ ሳልሞት በራሴ እጅ የምከፍላቸው ዕዳዎች አሉብኝ። ለሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ፣ ጥጌን ስሠራ ሲሚንቶ ላዘነብኩበት የተሰጣ አንሶላዋ፣ ሌላ ነጭ አንሶላ። ለልጄ፣ ጥጌን ሰክራለች በማለቷ ላኮረፍኳት ኩርፊያ፣ አንድ እርቅ። ለእንግዶችዎ፣ ከአፌ ያመለጠው ሻይ። ለእርስዎ ደግሞ መደርደሪያዋ ላይ ረስተውት የሄዱት መነጽር፤ ሌላው ግድግዳ ጋ አኑረውት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ከጃንጥላዎቹ ጋር ነበር። በሰው እጅ አልልከውም፣ ራስዎ ይምጡ። ቤትዎ ጥግ እንደሌለው አውቃለሁና፣ ስልክዎንም ይዘው ይምጡ።