ለወደቀችው ሮኬት የመጡ ለቀስተኞች

ልጄ ምንትዋብ፣ እመብርሃን በዚያ በኖርዌይ ብርድ በካባዋ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ሮኬትሽ ሥራዋን ጨርሳ ባሕር ውስጥ መውደቋን የአበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ለእትዬ ዘሪቱ በደስታ ነገርኳቸው። በማግስቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ማኅበሩን በሙሉ አስከትለው፣ ወጥ በድስት ይዘው ከች አሉ። «እግዜር ያጽናሽ» ይሉኛል! ጋሼ ለገሠ ደግሞ ከቶራንስ ድረስ ድራይቭ አድርገው መጥተው «አይዞሽ፣ ልጅሽ ሌላ ሥራ ታገኛለች» አይሉኝም መሰለሽ!

«ኧረ ሰዎች፣ እንድትወድቅ ተብላ ነው የተሠራችው! ሰው ጨረቃን ከመርገጡ በፊት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ትወጣለች፣ የላይኛውን አየር ትለካለች፣ ትወርዳለች፣ በቃ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! እትዬ ዘሪቱ «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» ብለው አቀፉኝ።

ባንቺም ተናድጃለሁ። ሮኬትሽ እንኳ ሻይ እስኪፈላ ደርሳ ተመለሰች፤ አንቺ ግን ስንት ፋሲካ አሳለፍሽ?

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። የእትዬ ዘሪቱን ድስት አልመለስኩም። ለፋሲካ ነይና ራስሽ መልሺላቸው፤ ማንም እንዳልሞተብኝ በዓይናቸው ይዩ።

እናትሽ