ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጭ

ውድ ሂሮታካ፣

እናትህ ጋ የሄድኩት ሰኞ ነው። አለቃችን ኩሮኪ «ለእናቱ አድርሺላቸው» ብሎ አብረን የሠራነውን፣ አሁን ለገበያ የወጣውን የቪዲዮ ጌም በወረቀት ቦርሳ ሰጠኝ። ራሱ መሄድ ፈርቶ ነው። ከኦሳካ እስከ እናንተ ወደብ ድረስ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ምን እንደምላቸው ሳላውቅ ደረስኩ።

ያን ስብሰባ መቼም አትረሳውም። የድሮው ጌማችን የተሠራው ወደ ካሬ ለሚጠጋው ቴሌቪዥን ነበር። አሁን ሰው ሰፊውን እየገዛ ስለሆነ ጌሙም ይስፋ ተባለ። ኩሮኪ «ግራና ቀኝ ለጥጡት፣ አለቀ» አለ።

«ሲለጠጥ እኮ የጌሙ ዋና ልጅ ድንች ትመስላለች» አልከው።

«ድንች የሚጠላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ያንተን ፎቶ እናስገባ፤ መለጠጥም አያስፈልገው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኩሮኪ ብቻ አልሳቀም። «በል ጎኖቹን አንተው ሳላቸው። ቀኑ ግን አይራዘምም» አለህ።

ሳልካቸው። እያንዳንዱን ትዕይንት፣ ግራውንም ቀኙንም። አሮጌ ቴሌቪዥን ላለው ሰው ጎኖቹ ስለሚቆረጡበት፣ በሩም ቁልፉም ጠላቱም መሃል ላይ እንዲሆን የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ጎን ላይ ለጨዋታው የግድ የሚያስፈልግ ነገር አይቀመጥም።

«ታዲያ ለማያስፈልገው ነገር ምን እንዲህ አደከመህ?» እልህ ነበር።

«ቺሳቶ፣ አንቺ ሰው ቤት ስትገቢ የምታዪው ጠረጴዛውን ብቻ ነው?»

ይህን ስትል ከንፈርህ ነጥቶ ነበር፤ የሩዝ ጥቅልህም ሳይነካ አጠገብህ ደርቆ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ የባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ወደቅህ። ልብ ነው አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመትህ አረፍክ። ኩሮኪ «ድሮም ደካማ ነበር» ብሎ ነገረን። ሳምንቱ ሳያልቅ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

እናትህ አሳ ጠብሰው ጠበቁኝ። የጌም ማጫወቻህን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘሁት። ቴሌቪዥኑ አሮጌው ነው፣ ተማሪ ሳለህ የገዛችሁት። ገና ሲበራ ክው አልኩ። ጎኖቹ የሉም።

«የልጄ እጅ ያረፈበት የቱ ጋ ነው?» አሉኝ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ጠጋ ብለው።

መዋሸት ይቻል ነበር። እንደዚያ እያዩኝ ግን አቃተኝ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ አይታይም። ቴሌቪዥኑ ይቆርጠዋል። በግራ በኩል ነው።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ይሄ ወደባችሁ አለ። ጀልባዎቹ አሉ። መረብ የሚጠግኑ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ፀጉራቸውን እንደ እርስዎ ነው ያሰሩት። የኔን ሰፊውን ቴሌቪዥን ላምጣልዎት?»

«አይ፣ ልጄ። አሁን ማየቱን አልችለውም።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነኩ።

«እዚህ ጋ?»

«ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።»

ዝቅ አደረጉና እጃቸውን እዚያው አቆዩት። አሳው ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ ከሥራ ለቀቅሁ። በነሐሴ፣ የሙታን በዓል ሲደርስ፣ መቃብርህን እንደ ልማዱ ከእናትህ ጋር ላጥብ እመጣለሁ።

ቺሳቶ