ጋሽ ከፈለኝ የመረጧት ቁልፍ

ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ፋናስ፣ ትንሿ ሆሳዕናስ ደኅና ናቸው? እማዬም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። «ስልክ ላይ ትቸኩያለሽ፣ ጻፊልኝ» ስላልክ ይኸው ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል።

ቡና ነጋዴው ቢሮ መቀጠሬን ነግሬሃለሁ። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ኢሜይሉን የምንከፍተው ጽሑፍ ብቻ በሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፣ ሁሉም በኪቦርዱ ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን የጋሽ ከፈለኝን የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ድሮ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ወስዷቸዋል። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫኑ ሲባሉ፣ «ይሄ ነገር እኔን ሳያማክር ነው የተሠራው» ይላሉ። ስለዚህ ቁልፎቹን ለእጃቸው እንዲመቹ ቀየርኳቸው፤ በቀኝ በኩል፣ ለአንድ ሥራ አንድ ቁልፍ። «ኬ» ይከፍታል፣ «ጄ» ይሰርዛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረጌ ግን ምን ነክቶኝ ነው?

ኢሜይሌን የማይበት ስልኬ ስለተሰበረ፣ አዲስ አበባ ላመለከትኩበት ሥራ የሰጠሁት አድራሻ የቢሮውን ነው። መልስ መጣ አልመጣ እያልኩ ስንቴ እንደማየው አትጠይቀኝ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ከፈለኝ ከቢሮ እያለከለኩ እኔ ወዳለሁበት መጋዘን ድረስ መጡ። «ረድኤት፣ ስምሽ ያለበት ነገር መጥቶ ነበር፤ ልከፍተው ብዬ አጠፋሁት መሰለኝ።» ፕሮግራሙ የተሰረዘውን ወዲያው አይጥልም፤ ምልክት ያደርግበትና ሲዘጋ ነው ጠርጎ የሚያስወጣው። «ዘግተውታል?» ብላቸው፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ ደንግጬ ያልነካሁት የለም» አሉ። ሮጬ በሩ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። እሳቸው ምሳ አልበላም አሉ፤ እኔ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። «ቁጭ በይ እንጂ፣ መብራቱን ሄደሽ ልታመጪው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። አመሻሹ ላይ መጣ። ስከፍተው መልእክቱ እንዳለ አለ! ለካ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ነው መብራቱ የሄደው። ሰኞ ለፈተና ቅረቢ ይላል። ጋሽ ከፈለኝ ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ «መብራት በጠፋ ቁጥር ስሳደብ ኖሬ፣ ዛሬ ምን ልበል?» አሉ።

በነጋታው መሰረዣውን ወደ ሩቅ ጥግ ወሰድኩት፤ «ጄ» ያለ ሥራ ቀረች። እሳቸው ይህን አይተው፣ «እስቲ እሷን ስጫናት ላንቺ የሚላክ ባዶ ደብዳቤ የምትከፍት አድርጊልኝ» አሉ። የራሴን አድራሻ አስገባሁላቸው። «ፈተናውን ባላልፍስ?» አልኳቸው። «ያኔማ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታነቢዋለሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ። ሻንጣዬን ሁለቴ አዘጋጅቼ ሁለቴ ፈትቼዋለሁ። ጸልይልኝ።

እማዬ በየቀኑ ስምህን እያነሳች ትመርቅሃለች። ፋናን ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ሆሳዕናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ።

እህትህ ረድኤት
ቴፒ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.