«ብቻዋን ትበላለች» ተብሎ ስለተያዘብኝ ድክመት

ለክቡር አቶ ዳዳቻ ዋሪዮ
የዳዋ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ
ነገሌ ቦረና
ሐምሌ 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በእናንተ ቋንቋ ሰላም ለማለት፣ ናጋ ለእርስዎ፣ ናጋ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ ናጋ ለከብቶችዎ ይሁን እላለሁ። እኔ ባደግኩበት በይርጋለም ሰላምታው አጠር ይላል፤ በእናንተ አገር ግን ሣሩም ዝናቡም ጥጃውም በየተራ ካልተጠየቀ ሰላምታ እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር ተምሬያለሁና፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ጥጆቹስ ደህና ናቸው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በተደረገው ግምገማ ስለ እኔ ብዙ ሲናገሩ የሻከረው ድምፅዎም እስካሁን እንደተመለሰልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የክለብዎ ጋርድ እድላዊት ነኝ። ጋርድ ማለት ኳሷን ከኋላ እያነጠረች አምጥታ፣ ማን ነጻ እንደሆነች አይታ የምታቀብል ተጫዋች ናት። ይህን የምገልጸው ለእርስዎ ሳይሆን፣ እርስዎማ ሰብሳቢ ነዎት፣ ደብዳቤውን ለሚያነቡ የከተማው ነዋሪዎች ነው። የግምገማ ውጤቴ በክለቡ በር ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚው ስላነበበው፣ ምስጋናዬም እዚያው ቢለጠፍ ነውር አይሆንም ብዬ አስቤያለሁ። ውጤቱ «ዝቅተኛ» ይላል። በዚሁ ምክንያት ውሌ የሚታደሰው በግማሽ ደመወዝና ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ እንደሆነ፣ ካልፈረምኩም ክለቡ የሰጠኝን ክፍል ለቅቄ እንድሄድ ተነግሮኛል። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ብቃቴ። ቦርዱ የሁላችንንም ብቃት የለካው ቅርጫቱ ውስጥ ባስገባነው ኳስ ብዛት ነው። አሠራሩ ቀላልና ፈጣን በመሆኑ አመሰግናለሁ። በዚህ መለኪያ አንደኛ የወጣችው ዘቢባ ናት፤ ይገባታል፣ እጇ ይባረክ። ሆኖም ኳሷ ዘቢባ እጅ ላይ ከሰማይ ስለማትወርድ፣ ማን እንዳቀበላት የሚያይ አንድ ሰው ቢመደብ መልካም ነበር ብዬ በትሕትና አስባለሁ። የክለቡ ሒሳብ ሹም «የማታስቆጥር ተጫዋች ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቁ ዝም ያልኩት ጥያቄው ከብዶኝ ሳይሆን፣ እሳቸው ራሳቸው ወደ ስብሰባው የመጡት በክለቡ መኪና ስለነበር ነው። ሹፌራችን ዶዮ ወደ ገበያ ሲወስደን አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ያደርሰናል። እስከ ዛሬ ግን ዶዮን ምን ትሠራለህ ያለው የለም። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ ጠጠሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን እምብዛም ነው።

2ኛ/ ስለ ዋጋዬ። «ዕድሜዋ ሠላሳን አልፏል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ዋጋዋ ወርዷል» ተብሏል። በከብት ገበያችን ገዢ ዋጋ የሚቆርጠው የላሚቱን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ካየ በኋላ ነው፤ ቦርዱ እዚያ ድረስ አለመሄዱ ጨዋነቱን ያሳያል። ጉልበቴ የተጎዳው ከሻኪሶ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ በገዛ ሜዳችን ሲሚንቶ ላይ ወድቄ ነው። ያን ዕለት ተቀይሬ ልውጣ ስል፣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው «ከሷ በቀር ኳስ የሚያመጣ የለም፣ እንዳትወጣ!» ብለው የጮኹት እርስዎ መሆንዎን ላስታውስዎ አልደፍርም። ያን ዕለት ዋጋዬ ስንት እንደነበር ግን የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

3ኛ/ ስለ ስሜ። ይህኛው ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ማኅበራዊ ግንኙነት» በሚለው ሥር «ኩሩ ናት፤ ብቻዋን ትበላለች» ተብሎ ተይዞብኛል። አምበላችን ፋይዳ ይህን ስትናገር እርስዎ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ጨመሩበት፤ አዳራሹም ሳቀ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ከማን ጋር እንደምበላ ነው።

የቡድናችን ልጆች ከእኔ በቀር ሁሉም የከተማው ልጆች ናቸው። ልምምድ ሲያልቅ ዘቢባ ወደ አባቷ ሱቅ፣ ፋይዳ ወደ እናቷ ቤት፣ ሌሎቹም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። «ቻው እድሌ» ይሉኛል፤ ክፉ ልጆች አይደሉም። «ነይ፣ ያለውን እንቅመስ» ያለችኝ ግን እስካሁን የለችም። እኔም መናኸሪያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ገብቼ እቀመጣለሁ። እንደ ወጉ በአጠገቤ የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ» እላለሁ፤ የሚያልፈውም ሁሉ እንደ ወጉ «ብዪ፣ ይመችሽ» ብሎ ያልፋል። ወደዚህ ከመጣሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ወንበር ስቦ የተቀመጠው ረዳት አሠልጣኛችን ገልገሎ ብቻ ነበር። ስለ መከላከል አጨዋወት እያወራን አንድ ሽሮ በላን። በሳምንቱ «ሴት ተጫዋች ከባለትዳር ወንድ ጋር በምግብ ቤት መታየቷ የክለቡን ስም ያጎድፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ በእርስዎ ፊርማ ደረሰኝ። ገልገሎም ከዚያ ወዲህ በማዶ ነው የሚያልፈው። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ብቻዬን መብላቴን ቀጠልኩ። እነሆ አሁን ትእዛዙን በማክበሬ ነጥብ ተቀንሶብኛል፤ የቦርዱ አሠራር ማንንም ሳያዳላ በሁለቱም በኩል የሚቀጣ በመሆኑ አደንቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኢድ ዕለት ዘቢባ ቡድኑን በሙሉ ቤቷ ጠርታ ነበር። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ ልጆቹ እየተሟሟቁ ስለ ምግቡ ሲያወሩ ነው። እያንዳንዷ ሌላዋ የነገረችኝ መስሏት ኖሯል። ዘቢባ ደንግጣ «ወላሂ፣ ፋይዳ የጠራችሽ መስሎኝ ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ማንም አልከለከለኝም፤ ለማንም ትዝ አላልኩም እንጂ። ያን ዕለት ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። በግምገማው ላይ «ግለ ሂስ አድርጊ» ስባል ያላደረግኩትም ከዚህ ውስጥ የእኔ ጥፋት የትኛው እንደሆነ ለይቼ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

4ኛ/ ስለ ድምፅ አሰጣጡ። «ውጤቱን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል የቡድኑ ልጆች በሙሉ አወጡ፤ ዘቢባም ግራ ቀኝ አይታ በመጨረሻ አወጣች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የእነሱ እጅ ሲወጣ የማውቀው ሜዳ ላይ፣ «እድሌ፣ ለኔ!» ሲሉኝ ነው። ክቡር ሆይ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ለአፍታ ያህል ለየትኛዋ እንደምሰጥ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልሄድ ስል ነው ብለው ከገመቱ ተሳስተዋል። መሄድ አልፈልግም። ይህን አቧራማ ሜዳ፣ ማታ ማታ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩንን ሰዎች፣ ነፋሱ የሚገፋትን ኳስ ወድጃቸዋለሁ፤ ለዚህም ነው በግማሽ ደመወዝ ልፈርም የቆረጥኩት። በአዲሱ ውል ውስጥ «ተጫዋቿ ከባልደረቦቿና ከኅብረተሰቡ ጋር ትቀላቀላለች» የሚል ግዴታ መግባቱንም በደስታ ተቀብያለሁ። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር አንቀጹ እኔን ብቻ ማስገደዱ ነው። መቀላቀል ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋልና፣ ሌላኛው ወገን ማን እንደሆነ ቢጠቀስልኝ ግዴታዬን ለመወጣት አልዘገይም።

ለቀነሱልኝ ደመወዝ፣ ለመረቁልኝ ተረትና ስሜን ለማስጠበቅ ላሳዩት ትጋት ውለታዎን የምመልስበት አቅም ስለሌለኝ፣ ከብትዎ ይርባ፣ ደጅዎ እንግዳ አይጣ፣ ገበታዎም እንደ እኔ ገበታ ጸጥ ያለ አይሁን እያልኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼና አንገቴን ዝቅ አድርጌ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

እድላዊት ብሩህ
እስከ መጪው ሐሙስ ድረስ የክለብዎ ጋርድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ውሉ ሲፈረም በእኔ በኩል ሁለት ምስክሮች ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። አንዷን አግኝቻለሁ፤ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ እሙሽ ናት። ያለማንገራገር እሺ ካለችኝ በኋላ «ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ሁለተኛ ሰው ግን በዚህ ከተማ አስቤ አስቤ ስላጣሁ፣ ቦርዱ የሚያውቀኝ አንድ ሰው እንዲመድብልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።