በበረዶው ቀን የአንተ ወንበር

ለምወድህ ወንድሜ ታድ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? የዓሣ መረብ ስትጎትት የተላጠው እጅህስ ዳነልህ? እማዬ አንተ ያለህበትን የኮዲያክን የአየር ሁኔታ ሳትሰማ አትተኛም፤ ማዕበል አለ ካሉ ፊቷ ይጠቁራል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ሳሉ ለቀቃት። ውሻህ በርኒ አርጅቷል፤ ግን ዛሬም የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰማ አንተ እየመሰልከው ወደ በሩ ይሮጣል።

እንደምታውቀው ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ወረቀት ላይ ይቀለኛል። ትናንት አባዬ የጥሎ ማለፉን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። የተቀመጥኩት ከእሱ አጠገብ ባለው በአንተ ወንበር ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ካፖርቱንና ቴርሞሱን እንጂ ሰው አላስቀመጠበትም ነበር። እማዬ ናት «ካፖርት ኳስ አያይም፤ ልጅቷን ውሰዳት» ያለችው።

በረዶው የስታዲየሙን ወንበሮች ውጧቸው ስለነበር እንደ ድሮው የከተማው ሰው አካፋውን ይዞ እንዲመጣ ተጠራ። ትዝ ይልሃል፣ አንተና አባዬ ጠርጋችሁ ስትመለሱ ቅንድባችሁ ነጭ ሆኖ? እኔ ጓንቶቻችሁን ማሞቂያው ላይ አሰጣ ነበር። ያ እርጥብ የሱፍ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ትናንት አባዬ መጀመሪያ የጠረገው የአንተን ወንበር ነው፤ የራሱን ኋላ ጠረገ።

ከኋላችን የሚቀመጡት ወይዘሮ ጎርስኪ ገና ሲያዩኝ «እሰይ፣ ካፖርቱ ነፍስ ዘራ!» ብለው ድንች የተሞላ ትኩስ ፒየሮጊ አስጨበጡኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው «ለመሆኑ ልጁ ደወለ?» አሉት። «ስልክ እሱም ዘንድ አለ» አላቸው። «አንተ አንገተ ደንዳና! አንገትህን የሠሩት እዚያ የተዘጋው ብረት ፋብሪካ ውስጥ መሆን አለበት» አሉት። ረድፉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። አንተ የሄድክ ዕለት «ኳሱን ከተውክ እኔንም ተወኝ» ሲልህ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁና።

ነፋሱ ኳስ አላስወረውር አለ። የእኛዎቹ ሁለቴ ወርውረው ሁለቴም ተቀሙ። ከእረፍት በኋላ ግን መወርወሩን እርግፍ አድርገው ትተው ኳሱን ለሯጩ ብቻ ይሰጡት ጀመር። እኔ ዓይኔን ሯጩ ላይ ተክዬ ሳለሁ አባዬ አገጬን ይዞ ወደ ግራ አዞረኝ። «ኳሱን ተይው፤ እሱን ሁሉም ያየዋል። ለሯጩ በሩን ማን እንደሚከፍትለት እዪ» አለኝ። ለአንተ ይልህ የነበረውን ማለት ነው። ያኔ አየሁት። አንተ ትጫወትበት በነበረው ቦታ ያለው የግራው ጠባቂ፣ ጎንበስ ብሎ ባላጋራውን እንደ በረዶ ይጠርገዋል። ሯጩ ገና ሳይደርስ መንገዱ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ኳሱ በየት እንደሚመጣ ባላጋራዎቹም ያውቃሉ፣ ስታዲየሙም ያውቃል፤ ማቆም ግን አልቻሉም።

መጨረሻ ላይ በአራት ነጥብ እየተመራን ኳሱን ከራሳችን የሜዳ ጫፍ ተረከብን። አንድም ጊዜ ሳይወረውሩ፣ ጥቂት በጥቂት እየገፉ፣ ሰዓቱን በልተው ከመጨረሻው መስመር ገቡ፤ አሸነፍን! ሰው ሁሉ የሯጩን ስም ይጮሃል። አባዬ ግን ብድግ ብሎ ትከሻዬን መታና «አየኸው፣ ታድ! የግራውን ጠባቂ አየኸው!» አለ።

ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማው። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ።

ቤት ስንገባ ስልኩን አንስቶ ጥቂት ያዘውና መልሶ አስቀመጠው። ማንም ሳይጠይቀው «ባሕር ላይ ይሆናል» አለ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ወደብ ስትገቡ አንተ ደውልለት። ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፤ እሱም አይጠይቅህም። «የግራው ጠባቂ እንዴት ነበር?» ብቻ በለው፤ የቀረውን እሱ ይቀጥላል። ወንበርህን አሙቄልሃለሁ። ስትመጣ እኔ ቴርሞሱን አቅፌ መካከላችሁ እሸጎጣለሁ።

እማዬ ደግማ ደጋግማ ትስምሃለች። ወይዘሮ ጎርስኪ «ጺሙን ይላጭ በይው» ብለውሃል። በርኒ አሮጌ ጫማህ ላይ ተኝቷል። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባዬ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም፤ ቴምብሩን ግን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው።

እህትህ ሎቲ
ላካዋና፣ ሰኞ ጃንዋሪ 13